ካንጋሩ «አላውቅም» ማለት አይደለም

«እንግሊዙ ካፒቴን ‹ይህ እንስሳ ምን ይባላል?› ሲል የአገሬው ሰው ‹ካንጋሩ› አለው፤ ትርጉሙ ግን ‹አላውቅም› ነበር» የምትለዋ ወሬ፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» በሚሉ ገጾች ስትዞር ስንት ዘመኗ። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ በየክፍሉ ይህችን ይዞ የሚመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰለቸኝ።

እ.ኤ.አ. በ1770 የዚያ ካፒቴን፣ የጄምስ ኩክ መርከብ ከኮራል አለት ጋር ተጋጭታ ዛሬ ኩክታውን በሚባለው ቦታ ሰባት ሳምንት ገደማ ስትጠገን ቆየች። የአካባቢው ሰዎች ቋንቋ ጉጉ ዪሚዲር ይባላል። ኩክና አብሮት የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ባንክስ ቃሉን ከእነሱ ሰምተው በማስታወሻቸው አሰፈሩት። «ጋንጉሩ» በዚያ ቋንቋ የአንድ ትልቅ የካንጋሩ ዓይነት ስም ነው። በቃ።

ጥርጣሬው የመጣው በ1820 ነው። ፊሊፕ ፓርከር ኪንግ የሚባል መርከበኛ እዚያው ሄዶ ቢጠይቅ ሌላ ቃል ነገሩት፤ «ኩክ ተሸውዷል» ተባለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንትሮፖሎጂስቱ ጆን ሃቪላንድ ከተናጋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ቋንቋውን ሲያጠና ነገሩ ጠራ፦ ኪንግ የሰማው ሥጋው ለሚበላ እንስሳ ሁሉ የሚውል ቃል ሳይሆን አይቀርም።

እውነተኛው ታሪክ ደግሞ ከተረቱ በላይ ያስቃል። በ1788 እስረኞች ጭነው ሲድኒ የደረሱት እንግሊዞች፣ 2000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የተለቀመውን ቃል ይዘው «ካንጋሩ፣ ካንጋሩ» ይሉ ጀመር። ሐረር የሰሙትን ይዞ መቀሌ ላይ «ቋንቋችሁን እችላለሁ» እንደ ማለት ነው። የሲድኒ ሰዎች ቃሉን ሰምተውት ስለማያውቁ የእንግሊዞቹ መሰላቸው። መኮንኑ ዋትኪን ቴንች፣ በጉረኖ የታጠሩ በጎችን እያዩ «ካንጋሩ! ካንጋሩ!» የሚሉ ሰዎች እንዳጋጠሙት ጽፏል።

ስለ አውስትራሊያ ቃላት የሚወሩትን ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። እዚህ እንግሊዞች የሚጠሩበት «ፖሚ» «የእናት እንግሊዝ እስረኛ» የሚል ምህጻረ ቃል አይደለም፤ «ኢሚግራንት» የሚለውን «ፖምግራኔት» ከሚባለው ከሮማን ፍሬ ጋር ቤት እያስመቱ ሲቀልዱ የተወለደ ነው። «እውነተኛ» ማለት የሆነው «ፌር ዲንከም»ም ከቻይና ወርቅ ቆፋሪዎች አልመጣም፤ የእንግሊዝ ገጠር ቃል ነው። «ሽሪምፕ ባርቢው ላይ» (ሽሪምፕ የባሕር ምግብ፣ ባርቢ መጥበሻ ነው) የሚለው በ1984 ፖል ሆጋን ለአሜሪካኖች የሠራው የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው፤ እዚህ ሰው ሽሪምፕን «ፕሮውን» ነው የሚለው።

«የአውስትራሊያውያን አራዳ ቃል ሁሉ የወንበዴ ነው» ለሚሉኝ፦ ከፊሉ አዎ። ጄምስ ሃርዲ ቮክስ የተባለ እስረኛ በ1812 የሌቦችን ቃላት ሰብስቧል፤ «ስዋግ» ያኔ የተሰረቀ ዕቃ ነበር፣ ኋላ የመንገደኛ ጥቅልል ሆነ። ግን ከባድ ሥራ የሚባልበት «ያካ» ከብሪዝበን አካባቢ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ ነው።

«አራዳ ቃል የሚናገረው ያልተማረ ነው» የሚለውንማ ተዉት። ሐኪሙም ከሰዓት በኋላን «አርቮ» ይላል። በ2005 ካንቤራ ፓርላማ ጥበቃዎች ሰውን «ማይት» (ወዳጄ) እንዳይሉ ታዘው አገር ሲንጫጫ ትእዛዙ ወዲያው ተነሳ።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ «ጉዳይ ማይት» (ሰላም ወዳጄ) እያላችሁ መስታወት ፊት አትለማመዱ። የሥራ ቦታውን ያዙ፦ «ስሞኮ» የሻይ እረፍት፣ «ሰርቮ» ነዳጅ ማደያ፣ «ሲኪ» አሞኛል ብሎ መቅረት (ሳይታመሙም ቢሆን)፣ «አምቦ» የአምቡላንስ ባለሙያ እንጂ ውሃው አይደለም። ከሁሉ በላይ «የህ ናህ»ን ልብ በሉ («የህ» አዎ፣ «ናህ» አይ ነው)። መጋዘን የሚሠራ አንድ ተማሪዬ ባልደረባውን «የቅዳሜ ፈረቃዬን ትይዝልኛለህ?» ብሎት «የህ ናህ» ሲለው፣ «የህ»ን ብቻ ሰምቶ አመስግኖ ሄደ። ቅዳሜ ማንም አልገባም፤ ሰኞ አለቃው ጠራው። ሁለተኛዋ ቃል ናት መልሱ፦ «የህ ናህ» አይሆንም፣ «ናህ የህ» ደግሞ እሺ። ግራ ከገባችሁ እዚያው ቆማችሁ «እና ትገባለህ ወይስ አትገባም?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይቀየማችሁም።