በቴሌግራም የእድር ድምፅ «ስም አልባ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ሳቢያን ወይም ከዚራ ሰፈር ያለ እድር መዋጮው ከ100 ወደ 150 ብር ይደግ ወይ ብሎ በቴሌግራም ግሩፑ ድምፅ ሲያሰባስብ፣ የመራጩ ስም መታየት አለመታየቱ የሚወሰነው ጥያቄው ሲዘጋጅ ነው። ከተላከ በኋላ አይቀየርም፤ ከተሳሳቱ ያንን ዘግቶ አዲስ መላክ ነው። ስም አልባ ከሆነ ብዛቱ ብቻ ይታያል፤ ካልሆነ ግን ውጤቱን የከፈተ አባል ሁሉ ማን ምን እንደመረጠ ያነባል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ስም አልባ ማለት የመረጡት አባላት ብቻ ናቸው ማለት አይደለም። ጥያቄው ወደ ሌላ ግሩፕ ከተላለፈ እዚያ ያሉትም ይመርጣሉ፣ ቁጥሩም አብሮ ይደመራል። በሁለት ስልክ ቁጥር ሁለት አካውንት የከፈተም ሁለቴ ይመርጣል፤ ስሙ ስለማይታይ ማንም አይነቃበትም።

ለሰብሳቢ ምርጫ ስም ይደበቅ፣ ጎረቤት ፊት አይቶ እንዳይመርጥ። ድንኳን ተካይ ሲመዘገብ ግን ስም ይታይ።