"ከመምሩ ደቀ መዝሙሩ" ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

በቅርቡ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ስሄድ ነው። ሾፌሩ መንገድ ላይ አቆመና "አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ" አለን። እያጉረመረምን ጠጋ አልን። ረዳቱ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። አንድ የተባለውን ሦስት አድርጎ ጫነና በሩን በላያችን ላይ ደረገመው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ከሰው እግር ሥር እየጎተቱ "ኧረ ወዲያ! ከመምሩ ደቀ መዝሙሩ!" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሾፌሩም ጭምር።

አባባሉ ግስ እንኳን የለውም። "በለጠ" ወይም "ባሰ" የሚለው ተውጦ ይነገራል፣ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። ዘንድሮ አብዛኞቻችን የምንሞላው "ባሰ" ብለን ነው። ነጋዴው ሚዛን ሲያጭበረብር ኖሮ፣ ያሳደገው ሠራተኛ ደንበኛውንም ነጋዴውንም አብሮ ሲያልብ ከመምሩ ደቀ መዝሙሩ ይባላል። ለምስጋና ሲውል የምሰማው አልፎ አልፎ ነው፣ ያውም ከሽማግሌዎች አፍ።

ቃላቱን ብናያቸው ሁለቱም የቤተ ክህነት ናቸው። መምሩ ያው መምህሩ ነው፣ አፍ ላይ ሲንከባለል "ህ" ወድቃ የቀረች። "ደቀ" ከግዕዙ "ደቂቅ" ጋር ዘመድ ነው፣ ልጆች ማለት ነው። ስለዚህ ደቀ መዝሙር የመዝሙር ልጅ ነው።

አሁን ወንጌሉን አስቡት። ማቴዎስ 10፥24 ላይ "ደቀ መዝሙር ከመምህሩ፥ ባሪያም ከጌታው አይበልጥም" ይላል። አባባሉ እነዚያኑ ሁለት ቃላት ወሰደ፣ ቦታ አቀያየራቸው፣ "አይበልጥም" የምትለዋን ደግሞ ቆርጦ ጣላት። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ያደረገ ሰው ወንጌሉን በቃሉ የሚያውቅ የቆሎ ተማሪ ካልሆነ በቀር ሌላ አይሆንም። ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ የሣር ጎጆ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ታጭቆ የሚያድር ልጅ የኔታ ላይ በግልጽ አፉን አይከፍትም። በቅኔ ግን ይችላል። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ ብቻውን ሲቆጥር ውሎ ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ አንዳንዴም የኔታ ያላሰቡትን ምስጢር ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ የኔታ ይናደዱ ይኩሩ እሳቸው ያውቃሉ።

ሚኒባሱ ወደሚሄድበት ወደ ሐይቅ ልመለስ፣ ምክንያቱም የአባባሉ ትልቁ ምሳሌ እዚያው ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። አባ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1248 ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው በ1292 እስካረፉ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ አስተማሩ። ገዳሙ ሴት የማይገባበት ነው፣ እንግዲህ ወንዶች ብቻ እያደሩ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ቢባል ያስኬዳል። እሳቸው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ዛሬም እዚያው አለ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ደግሞ ከሸዋ የመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ዛሬ ኢየሱስ ሞዐን የማያውቅ ስንት አለ! ተክለ ሃይማኖትን የማያውቅ ግን ፈልጋችሁ አምጡልኝ።

ነገሩ በዝና ብቻ አላቆመም። ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው፣ ቆብና አስኬማ ተቀብለው ሲመለሱ፣ ለመምህራቸው ለኢየሱስ ሞዐ መልሰው አስኬማ ሰጧቸው የሚል ትውፊት ተክለ ሃይማኖት በመሠረቱት በደብረ ሊባኖስ ገዳም በኩል ይነገራል። በሐይቅ በኩል ይህን ብትናገሩ በደስታ አይሰሟችሁም፣ እኔም ዳኛ ልሆን አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የታሪክ ነገር ነው። የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በነገሥታቱ ዘንድ ትልቅ ሥልጣን ነበረው። ዘመን ሲገለበጥ እጨጌ የሚባለው የደብረ ሊባኖሱ አለቃ ከፍ አለ፣ ዐቃቤ ሰዓቱ ደበዘዘ። የተማሪው ገዳም የመምህሩን ገዳም በለጠ ማለት ነው።

ካቶሊኮቹም ዘንድ እንዲሁ የሚያስገርም ታሪክ አለ። አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 ጎጃም የተወለዱ፣ አንድ ዓይና፣ የመርጡለ ማርያም መነኩሴና ጥልቅ ሊቅ ነበሩ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላከው መልእክት ጋር ሲሄዱ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ከሚላቸው ከጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ከዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተጓዙ። ደ ያቆቢስ በዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ያንሷቸዋል። ሊቁ ግን የዚህ የታናሻቸው ደቀ መዝሙር ሆኑ! ከዚያም አዲግራት አቅራቢያ ጉዓላ ላይ ደ ያቆቢስ ወንዶች ልጆችን እያሳደሩ የሚያስተምሩበትን ቤት ሲከፍቱ፣ ግዕዙን የሚያስተምሩት አባ ገብረ ሚካኤል ሆኑ። ማን ነው እንግዲህ መምሩ? ማን ነው ደቀ መዝሙሩ? በኋላ በሃይማኖታቸው ታሰሩ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ሲዘምቱ አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት ሆነው ከሠራዊቱ ጋር ይነዱ ነበር፣ በዚያው ዓመት ክረምት መንገድ ላይ ሞቱ። ሮም ብፁዕ ያለቻቸው በ1926 ነው። መምህራቸው ብፁዕ የተባሉት በ1939፣ እንግዲህ በዚህኛው ወረፋ ደቀ መዝሙሩ ቀድሟል።

እኔ አባባሉን መጀመሪያ የሰማሁት ግን ከአያቴ ነው። የአምባሰል ሰው ናቸው፣ በልጅነታቸው ከቤት ጠፍተው ደላንታ ሄደው ቆሎ ተማሪ ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ቁራሽ ለመለመን የወጡት ከአንድ ትልቅ ተማሪ ጋር ነው። ትልቁ ልጅ ውሻ ሲመጣ በትሩን እንዴት እንደሚያሾልኩ፣ ከአጥር ውጭ የት እንደሚቆሙ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም"ን በምን ዜማ እንደሚስቡ አሳያቸው። ምሽቱን ተለያይተው ሄዱ። ትልቁ በደረቅ ቁራሽና በጥቂት ባቄላ ተመለሰ። አያቴ ጭስ የሚወጣበትን ጎጆ እየመረጡ ስለዞሩ፣ አኩፋዳቸው ገና በሚሞቅ የጤፍ እንጀራ ተሞልቶ ነበር። ትልቁ ልጅ አኩፋዳውን ከፍቶ አየ፣ ራሱን ነቀነቀና "ከመምሩ ደቀ መዝሙሩ" አለ።

"ከዚያስ?" እላቸው ነበር፣ መልሱን እያወቅኩ።

"ከዚያማ መምሬ ትኩሱን ለራሱ አደረገና ደረቁን ለእኔ ሰጠኝ።"