«ካፈርኩ አይመልሰኝ»፦ ከድንጋይ ካቡ ፊት

«ካፈርኩ አይመልሰኝ» የምንለው መሳሳቱ ገብቶት እያለ ወደፊት ለሚገፋ ሰው ነው። ክርክር ይጀምራል። መሃል ላይ ሐቁ ከሌላው ጋር እንደሆነ ይገባዋል። ግን ሰው እያየው ነው። ስለዚህ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። ያኔ ከዳር ያለው ሰው «አሁንማ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት» ይላል። ዕልኸኝነት ብቻ አይደለም። ዕልኸኛ ልክ ነኝ ብሎ ከልቡ ሊያምን ይችላል። ይሄኛው አያምንም፤ የሚገፋው ሀፍረቱ ነው።

አባባሉ ሁለት ቃል ብቻ ናት። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የሁለተኛው ቃል አጨራረስ ነው። «አይመልሰኝም» አትልም። መጨረሻ ላይ «ም» ብትገባ ተራ ወሬ ትሆን ነበር። «አይመልሰኝ» ስትል ግን ምኞት ናት፤ «አያድርገው»፣ «ክፉ አይንካህ» እንደምንለው። ሰውየው አንዴ ካፈርኩ ወዲያ መመለሻውን አታሳየኝ ብሎ እየለመነ ነው።

አባባሉ ሲነሳ እኔ ትዝ የሚለኝ የፍሬድሪክስበርግ ውጊያ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 1862 ነው፤ ሰሜኑና ደቡቡ የተዋጉበት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት። ፕሬዚዳንት ሊንከን በጄኔራል ማክሌላን መንቀርፈፍ ተማርረው አነሱትና በኖቬምበር አምብሮዝ በርንሳይድን የሰሜኑ ጦር አዛዥ አድርገው ሾሙ። በርንሳይድ ይህን ሹመት ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ አልችለውም ብሎ። እቅዱ ጥሩ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ ራፓሃኖክ ወንዝን ቶሎ ተሻግሮ የደቡቦቹ ዋና ከተማ ወደሆነችው ሪችመንድ መገስገስ። ጦሩ በጊዜ ወንዙ ዳር ደረሰ። መሻገሪያው ተንሳፋፊ ድልድይ ግን ከሳምንት በላይ ዘገየ። በዚያ መሃል የደቡቡ አዛዥ ሮበርት ሊ ከወንዙ ማዶ፣ ከፍሬድሪክስበርግ ከተማ ጀርባ ያሉትን ኮረብቶች ያዘ፣ መሸገም።

የእቅዱ ነፍስ ፍጥነት ነበረች፤ እሷ ሞታለች። መመለስ ያኔ ነበር። ግን ተንቀራፈፈ ተብሎ በተባረረ ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ አዛዥ «ይቅር» ማለቱ ቀላል አልነበረም።

ዲሴምበር 13። ከኮረብታው ግርጌ ዝቅ ያለ መንገድ አለ፤ በዳሩ የድንጋይ ካብ። የደቡብ ተኳሾች ከካቡ ጀርባ ናቸው፣ መድፉ ከላይ ነው። ፊት ለፊቱ ገላጣ ሜዳ፣ የውሃ ቦይ የሚቆርጠው። የሰሜኑ እግረኛ ከቀትር ጀምሮ እስኪመሽ፣ አንዱ ብርጌድ በሌላው እግር እየተተካ፣ ወደዚያ ካብ ሄደ። ካቡ ጋ የደረሰ የለም። የአየርላንድ ስደተኞች የሚበዙበት ብርጌድ 1,200 ያህል ሰው ይዞ ገብቶ ግማሽ ያህሉን አጣ።

ከሰዓት በኋላ ከበርንሳይድ የበታች አዛዦች አንዱ ጄኔራል ጆሴፍ ሁከር ሜዳውን አየና ፈረሱን አዙሮ በርንሳይድ ዘንድ ሄደ። ይቅርብን አለው። በርንሳይድ እምቢ አለ። እንደገና ሌላ ክፍል ተላከ፤ የጄኔራል ሃምፍሪስ። ቀድመው የገቡትና ሳይሞቱ መሬት ላይ ተለጥፈው የቀሩት ወታደሮች፣ በላያቸው የሚያልፉትን አዲሶቹን በልብሳቸው እየያዙ ሊያስቀሯቸው ሞከሩ።

እዚህ ጋ ነው አባባሉ አንጀቴን የሚበላው። ያፈረው አንድ ሰው ነው። «አይመልሰኝ» ያለውም እሱ ነው፤ ከወንዙ ማዶ። የሚሄዱት ግን ሌሎች ናቸው። የሚመልስ እጅም አልጠፋም ነበር፤ መሬት ላይ ተኝቶ የሰው ኮት ይጎትት ነበር እንጂ።

ሁከር በኋላ በሪፖርቱ፣ ትእዛዜ እንዳጣ የሚፈልግብኝን ያህል ሰው ማጣቴን ባየሁ ጊዜ ጥቃቱን አቆምኩ ብሎ ጻፈ። መራራ ቃል ነው፤ እውነትም ነው። በፍሬድሪክስበርግ ውጊያ በጠቅላላው የሰሜኑ ጦር ከ12,600 በላይ ሰው ሞቶ፣ ቆስሎና ጠፍቶ ተቆጠረበት። የደቡቡ ግማሹን እንኳ አልሞላም።

በዚህ አላበቃም። በርንሳይድ በማግስቱ ድሮ አዘው የነበረውን ጦር ራሴ እየመራሁ ካቡ ላይ እገባለሁ አለ። ጀግንነት ይመስላል። ለእኔ ግን «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ጥጉ ላይ ሲደርስ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ከመመለስ መሞት ይቀለዋል፣ አብሮት የሚሞተውን አይቆጥርም። ጄኔራሎቹ ተማጥነው አስቀሩት። ዲሴምበር 15 ማታ ጦሩ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ።

ከሁለት ቀን በኋላ በርንሳይድ ለበላይ አለቃው በጻፈው ደብዳቤ ለጥቃቱ መክሸፍ ተጠያቂው እኔ ነኝ አለ። በማንም አላላከከም። ይህን አከብርለታለሁ። ያቺን ቃል ሁከር በመጣበት ሰዓት ቢላት ኖሮ፣ የሃምፍሪስ ልጆች ያን ሜዳ አይረግጡም ነበር።