ድንጋዩ ከመነሣቱ በፊት፦ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ታሪክ ስለ ደቦ ፍርድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን።

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ጣና መሐል የዘለቀ ሰው ዳጋ እስጢፋኖስን ያውቀዋል። በአቡነ ኂሩተ አምላክ የተመሠረተ ጥንታዊ ገዳም ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም እዚያ ስላለ ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነገሥታቱ ጠይቆ ይመለሳል። እኅቶቻችን ደግሞ ወደ ደሴቱ ስለማይገቡ ከሩቅ ይሳለሙታል። ገዳሙ የተሰየመለት ቅዱስ ግን ንጉሥ አልነበረም። ለመበለቶች ምግብ እንዲያድል የተሾመ ዲያቆን ነው። የሞተውም ሆ ብሎ በተነሣ ሕዝብ ድንጋይ ነው። ዛሬ የደቦ ፍርድ የምንለው ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ጥቅምት 17 ሢመቱን፣ ጥር 1 ሰማዕትነቱን ታስባለች። ሁለቱንም በዓላት ደስ ብሎን እናከብራለን። በሢመቱና በድንጋዩ መካከል የሆነውን ግን ብዙም አናወራበትም። ታሪኩ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እና 7 ላይ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ ደጋግመን ልናነበው የሚገባ ይመስለኛል።

ነገሩ የጀመረው በቅሬታ ነው። ያውም በቋንቋና በመጡበት አገር ቅሬታ። ከግሪክ አገር የመጡት አማኞች “በየቀኑ በሚታደለው ምግብ የእኛ መበለቶች ይዘለላሉ” ብለው በይሁዳ በኖሩት ላይ አጉረመረሙ። ይህን ስሞታ እናውቀዋለን። እኛም ጋ በየቢሮው፣ በየቀበሌው፣ በየዕርዳታ መጋዘኑ ደጃፍ ይሰማል። እነ እገሌ ቀደሙን፣ የእኛ ወገን ተረሳ።

ሐዋርያት ምን አደረጉ? “ይህን ወሬ ማን አመጣው?” ብለው ሰው አላሳደዱም። “ይህን ማንሳት ቤተ ክርስቲያንን ይከፋፍላል፣ ዝም በሉ” አላሉም። (ይህችን አባባል እኛ ስንወዳት!) ሕዝቡን በሙሉ ሰበሰቡ። በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ራሳችሁ ምረጡ አሏቸው። ሕዝቡም መረጠ። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ስሞቹ ሁሉ የግሪክ ስሞች ናቸው። ቅር ያለው ወገን የሚያምናቸው ሰዎች ማዕዱ ላይ ተሾሙ ማለት ይመስላል። ሐዋርያት እጃቸውን ጭነው ጸለዩላቸው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ መሄዱን ይናገራል።

ሐዋርያት ስለ ምርጫ ቦርድ አላስተማሩም። ሆኖም ዴሞክራሲ የምንለው ነገር ከሚያስፈልገው አብዛኛው እዚህ አለ። ቅሬታ ያለ ፍርሃት ተነገረ። የሚሰማ ተገኘ። ጉባኤ ተጠራ። ሕዝብ መረጠ። የተመረጡትም የታወቀ ኃላፊነት ተሰጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታብን። ብዙ ሰው አደባባይ ወጣ ማለት የደቦ ፍርድ ተጀመረ ማለት አይደለም። በሰላም መሰብሰብና አቤቱታ ማቅረብ በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚችው በባሕር ዳር ድምፃቸውን ለማሰማት የወጡ ብዙ ሰዎች በጥይት ወድቀዋል። ያንን ቀን የሚያስታውስ ሰው አቤቱታን ሁሉ ሁከት ብሎ ሲጠሩበት ቢቆጣ አይፈረድበትም። የማይሰማ ቅሬታ የት እንደሚደርስም ሁላችንም አይተናል። ደቦ ፍርድን እያወገዘ ጉባኤውን የሚዘጋ ባለሥልጣን የምዕራፍ 6ን መጀመሪያ አላነበበም።

ወደ እስጢፋኖስ እንመለስ። የተሾመው ለማዕድ ቢሆንም ዝም ብሎ እንጀራ ብቻ አላደለም፤ አስተማረም። ከቀሬና፣ ከእስክንድርያ፣ ከኪልቅያና ከእስያ የመጡ ሰዎች ተነሥተው ተከራከሩት። እስከዚህ ምንም ችግር የለም። ክርክር ጤና ነው። ችግሩ መሸነፋቸው ነው። ይናገርበት የነበረውን ጥበብና መንፈስ ሊቃወሙ አልቻሉም ይላል መጽሐፉ። አንድ ሰው በክርክር ሲሸነፍ ሦስት ምርጫ አለው። ያምናል፣ ወይም ሌላ ቀን ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ወይም የረታውን ሰው ያጠፋል። እነዚህ ሦስተኛውን መረጡ። ሰምተነዋል የሚሉ ሰዎችን አስነሡ። ሕዝቡን፣ ሽማግሌዎቹንና ጸሐፍቱን አናደዱ።

ያስወሩት ምን ነበር? ቅዱሱን ስፍራ ያፈርሰዋል፣ ሙሴ ያስተላለፈልንንም ሥርዓት ይለውጣል የሚል ነው። እስቲ አስተውሉት። “በክርክር ረታን” አላሉም፤ ለዚያ ማን ይነሣል? ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን መቅደሱንና ሥርዓቱን ፈልገው አገኙ። ከዚያ “ሊያጠፉብህ ነው” አሉት። የከፋፋይ ፖለቲከኛ ንግግር ሁሉ እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ነው የሚያርፈው። ቋንቋህን፣ ርስትህን፣ ሃይማኖትህን ሊያጠፉ ነው። ስጋቱ አንዳንዴ እውነት አለው፤ በደል የደረሰበት ሕዝብ መፍራቱ አይገርምም። ተናጋሪው ግን ከእውነተኛው በደል ተነሥቶ በደሉን ወዳልፈጸመው ጎረቤት ይጠቁማል። በቲክቶክ ላይቭ ሲያስጮህ ያድራል። ጠዋት ድንጋይ ሲነሣ እሱ እዚያ አይገኝም። ይህ የአንድ ወገን በሽታ አይደለም። የእኛ ነው ብለን የምንሰማው ሰው ላይም አለ።

ይህ በሽታ ሌላ አገርም አለ። ታኅሣሥ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ እዚህ በየደብሩ ለማኅሌት ሲቆም፣ ዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት የምርጫውን ውጤት ለማጽደቅ ተሰብስቧል። የተሸነፉት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ምርጫው ተሰርቋል ሲሉ ሰንብተዋል። ፍርድ ቤቶች ክሱን በተደጋጋሚ ውድቅ አድርገውታል። በዚያን ዕለትም ለደጋፊዎቻቸው ንግግር አደረጉ። ከዚያ ሕዝቡ መስኮት ሰብሮ ምክር ቤቱ ውስጥ ገባ። ከመካከላቸው መስቀል የያዙ፣ የኢየሱስን ስም በሰሌዳ ጽፈው ያነገቡ ነበሩ። እኛ ልደቱን ልንዘምር በተነሣንበት ሰዓት ስሙ እዚያ ለዚያ ሥራ ዋለ። እንደራሴዎቹ በዚያው ሌሊት ተመልሰው ቆጠራውን መጨረሳቸው ለአገሪቱ ትልቅ ነገር ነው። ለእኛ ለክርስቲያኖች ግን ሰሌዳው ጥያቄ ሆኖ ይቀራል። የጌታን ስም የተሸከመ ሰው ሁሉ የጌታን ሥራ እየሠራ አይደለም። በእኛም አገር ታቦት በሚከበርበት አደባባይ የፖለቲካ ስድብ ሲሰማ ይህን ማስታወስ ይገባል።

አሁን እስጢፋኖስን ይዘው ወዳቀረቡበት ወደ አይሁድ ሸንጎ እንግባ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እዚህ ያለው ነገር ነው። ይኸው ሸንጎ ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ በምዕራፍ 5፣ ሐዋርያትን ሊገድል ቆርጦ ነበር። ያን ጊዜ ገማልያል የሚባል፣ በሕዝብ ዘንድ የተከበረ የሕግ መምህር ተነሣ። “ከእነዚህ ሰዎች ራቁ ተዉአቸውም” አለ። ነገሩ ከሰው ከሆነ ይጠፋል፣ ከእግዚአብሔር ከሆነ ግን ልታጠፉት አትችሉም አላቸው። ሰሙት። ሐዋርያትን ገረፏቸው፤ ግን አልገደሏቸውም። አንድ ሰው ነው የተናገረው። ክርስቲያን እንኳ አልነበረም።

በምዕራፍ 7 ግን ማንም አልተነሣም። ገማልያል በዚያ ቀን የት ነበር? መጽሐፉ ዝም ብሏል፤ እኔም አልገምትም። ሸንጎው በሙሉ ጆሮውን ደፍኖ፣ እየጮኸ፣ በአንድ ልብ ሮጠ። አንድ መሆን ብቻውን ጽድቅ አይደለም፤ እነዚህም አንድ ነበሩ። ሽማግሌ፣ ቄስ፣ መምህር፣ የዕድር ዳኛ የሆናችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ እናንተ በሠፈራችሁ ገማልያል ናችሁ። ወጣቱ ሲቆጣ ከእናንተ አንዱ ቀድሞ “ቆይ፣ እስኪ ይጣራ” ቢል የሚሰማው ሰው አያጣም። ነገሩ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን እናንተንም የሚሰማ ላይኖር ይችላል።

ከከተማ አውጥተው ወገሩት። ምስክሮቹም ልብሳቸውን ሳውል በሚባል ጎበዝ እግር አጠገብ አኖሩ። ለምን ምስክሮቹ? በኦሪቱ ሕግ (ዘዳግም 17፥7) የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚወረውረው የመሰከረው ሰው ስለሆነ ነው። ሕጉ የታሰበው ለጥንቃቄ ነበር። የምትመሰክር ከሆነ ደሙን በገዛ እጅህ ትሸከማለህ ማለት ነው። የዛሬው ምስክር ግን ልብሱን እንኳ አያወልቅም። ስልኩ ላይ “ሼር አድርጉት፣ ሳይጠፋ” ብሎ ይጽፍና እራቱን ይበላል።

ሳውል ደግሞ አለ። ድንጋይ ስለመወርወሩ አልተጻፈም። ልብስ ጠበቀ፤ በመገደሉም ተስማማ። የኪልቅያዋ የጠርሴስ ሰው ነው፤ ከተከራከሩት ከኪልቅያ ሰዎች መካከል ይኑር አይኑር አልተነገረም። የገማልያል ተማሪ ግን ነበር። ጥሩ መምህር ነበረው፣ ሕጉንም ያውቃል፣ ሆኖም ልብስ ጠበቀ። ብዙዎቻችን ዛሬ የምንገኘው እዚህ ቦታ ላይ ነው። አንደበድብም፣ አናቃጥልም። ላይክ እናደርጋለን። “ይበላቸው” እንላለን። የሰው መደብደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ለጓደኛ እንልካለን።

ሻሸመኔን ማንሳት እዚህ ላለነው ቀላል ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቦምብ ይዟል ተብሎ በሐሰት የተወራበት ሰው እዚያ በሕዝብ ተገድሎ በአደባባይ ተሰቅሏል። ሁላችንም አዝነናል፤ ተቆጥተናልም። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ በእኛው ክልል፣ በምዕራብ ጎጃም ሰሜን ሜጫ ወረዳ አዲስ ዓለም ላይ ምን ሆነ? በተማሪ ልጆች ጤና ላይ ጥናት ሊያደርጉ የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች በሕዝብ ተገደሉ። ልጆቹን ሊመርዙ ነው የሚል የበሬ ወለደ ወሬ ነበር መነሻው። የገደሏቸው ባዕድ አልነበሩም። ጾም የሚጾሙ፣ ልጆቻቸውን የሚወዱ ሰዎች ከመካከላቸው ሳይኖሩ አይቀሩም። ለልጅ መስጋት ደግ ነገር ነው። ሆኖም ያ ፍቅር አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ አልሰጠም።

ኒቆዲሞስ ያቺን ጥያቄ ጠይቋታል። ፈሪሳውያን ጌታን ሊያስይዙ ሲቸኩሉ፣ ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ፣ ምን እንዳደረገም ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን አላቸው (ዮሐንስ 7፥51)። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20ም የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዘዳግም 19 ደግሞ ዳኞች አጥብቀው እንዲመረምሩ፣ ሐሰተኛ ምስክርም በወንድሙ ላይ ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ እንዲደርስ ታዟል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ 1185/2012 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሕግ አላነሰንም። ኒቆዲሞስን “አንተም ከገሊላ ነህን?” ብለው ነበር የመለሱለት። እናንተም ስትጠይቁ “አንተ የማን ነህ?” ትባላላችሁ። የታወቀ መልስ ነው፤ አትደንግጡ።

እስጢፋኖስ ሲሞት “ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው” ብሎ ጸለየ። ይህን ይዘው “እንግዲያው ይቅር ተባባሉና ፋይሉ ይዘጋ” የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የይቅርታው ጸሎት የሟቹ ነው። ዳኛ በሟች ፈንታ ይቅር ሊል አልተሾመም፤ ጳውሎስ ራሱ ሹም ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ አይደለም ብሏል (ሮሜ 13፥4)።

ይኸው ጳውሎስ፣ ልብስ ጠባቂው ሳውል፣ ከዓመታት በኋላ በራሱ ላይ ደረሰበት። በኢየሩሳሌም የኤፌሶኑን ጥሮፊሞስን አብሮት ሲሄድ ስላዩ ብቻ ወደ መቅደስ ያገባው መሰላቸው። መሰላቸው፤ አላዩም። ከተማው ተናወጠ፤ ጳውሎስንም ሊገድሉት ይደበድቡት ጀመር። ያዳነው የሻለቃው ወታደሮች በሩጫ መድረሳቸው ነው። ሊገርፉት ሲሉ “ሮማዊ ሰው ያለ ፍርድ ልትገርፉ ተፈቅዶላችኋልን?” አለ። በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ሰማዕትነትን የሚፈራ ሰው ስለነበረ አይደለም። ፍርድ ቤት እያለ በመንጋ መገደልን አልተቀበለም። በተደበደበበት በዚያው ቀን፣ በወታደሮቹ ሰፈር ደረጃ ላይ ቆሞ ሊገድለው ለሚጮኸው ሕዝብ ሲናገር፣ የእስጢፋኖስ ደም ሲፈስ የገዳዮቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው እርሱ መሆኑን፣ ሟቹን በስም ጠርቶ ተናገረ።

በዚህ ሳምንት ሐዋርያት ሥራን ከምዕራፍ 5 እስከ 7፣ ከዚያም 21ን እና 22ን ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡ። ስልክ የያዙትን ልጆች ሳውል ምን ሲያደርግ እንደነበረ ጠይቋቸው። የሚመልሱላችሁን ስሙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።