ኦጉን የብረት አምላክ ሲባል ምን ማለት ነው?

በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ በሚኖሩት ዮሩባዎች ሃይማኖት ውስጥ ኦጉን ብዙውን ጊዜ የጦርነት አምላክ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ይህ ግን ሚናውን እጅግ ያጠብበዋል። በአፈ ታሪኩ መሠረት ኦሪሻ የሚባሉት አማልክት ወደ ምድር ሲወርዱ መንገዱን የዘጋውን ጥቅጥቅ ያለ ደን በብረት ገጀራው መንጥሮ ያሳለፋቸው ኦጉን በመሆኑ፣ ከአንጥረኛና ከአዳኝ አንስቶ እስከ ሾፌርና ቀዶ ሐኪም ድረስ በብረት የሚሠራ ሁሉ ጠባቂዬ ይለዋል። ማልማትና ማጥፋት በአንድ አምላክ መጣመራቸው እንግዳ ቢመስልም፣ ደን የሚመነጥረው ገጀራ ሰውም ይገድላል። በኢሬ ከተማ የሚነገረው ትረካ ይህን አይሸሽግም፦ ኦጉን በቁጣ የገዛ ወገኖቹን ፈጅቶ፣ ሲጸጸት ወደ መሬት ሰጠመ።

ከምልክቶቹ መካከል የተሰነጠቀ ለጋ የዘንባባ ቅጠል ይገኛል፤ የሚሠዋለትም በተለይ ውሻ ነው። ሐሰትን አጥብቆ ይቀጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ በናይጄሪያ ፍርድ ቤት የባህላዊው እምነት ተከታይ በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በቁርኣን ፈንታ ብረት ይዞ ሊምል ይችላል። በባርነት ወደ ብራዚል የተጋዙት ዮሩባዎችም አምልኮውን ይዘውት ስለሄዱ፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ኦጉን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ተዛምዶ ይታያል፤ ሁለቱም የጦር መሣሪያ የታጠቁ ተዋጊዎች ናቸውና።