ታንኬት ምንድን ነው? ከእንግሊዝ ጋራዥ እስከ ደምበጉይና

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሀል የተነሱ የእንግሊዝ ታንኮችን ፎቶ ስታገላብጡ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማችኋል። ሰንሰለት አለው፣ ብረት ለብሷል፣ መትረየስ ከፊቱ ወጥቷል። ግን አጠገቡ የቆመው ወታደር ደረት ጋ ቢደርስ ነው። ውስጡ የተቀመጡት የሁለት ሰዎች ጭንቅላት ከብረቱ በላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ታንኬት የሚባለው ይሄ ነው።

ባጭሩ ታንኬት አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ፣ መትረየስ የተጠመደበት፣ ቱሬት የሌለው ትንሽ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ነው። ቱሬት ደግሞ ታንክ አናት ላይ መሣሪያውን ይዞ ዙሪያውን የሚዞረው ክፍል ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ነገሩን የወለደው የገንዘብ እጥረት ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ካዝናዋ ተራቁቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 መንግሥት «በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ትልቅ ጦርነት አይኖርም» ብሎ በጀት እንዲያዝ ወሰነና በዚያው አካሄድ እስከ 1932 ድረስ ተቀጠለ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም ካልገለጽኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን ኢንዲፔንደንት የሚባለው ባለ አምስት ቱሬት ትልቅ ታንክ ተሠርቷል፤ ፎቶው ላይ እንደ መርከብ የተንጣለለ ነው። ግን ዋጋው አልተቻለምና አንድ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ዛሬ ዶርሴት ውስጥ ቦቪንግተን የታንክ ሙዚየም ቆሟል።

በሌላኛው ጫፍ ጊፋርድ ማርቴል የሚባል የጦር መሐንዲስ መኮንን ነበር። በ1925 ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ዕቃ ለቃቅሞ የአንድ ሰው ታንክ ሠራ፣ አካሉም እንጨት ነበር። ሐሳቡ እግረኛው ወታደር በመትረየስ እየታጨደ ሜዳ ከሚያቋርጥ፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ብረት ለበስ ይሰጠው የሚል ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ግን አንድ ሰው እየነዳም እየተኮሰም እንዴት ይሆናል? አልሆነም። ስለዚህ ሰው ተጨመረና ሁለት ሆኑ።

ሐሳቡን ወደ ገበያ ያወጡት ጆን ካርደንና ቪቪያን ሎይድ ናቸው። እነሱም የጀመሩት ለንደን ውስጥ ከጋራዥ ነው። ሥራቸው እየተሻሻለ ሄዶ 1928 ላይ ስድስተኛው ሞዴል ወጣ፣ በዚያው ዓመት ትልቁ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ቪከርስ አርምስትሮንግ ድርጅታቸውን ገዛው። ክብደቱ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ22 ሴንቲሜትር። ብረቱ ወፍራም በሚባለው ቦታ 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሞተሩ የፎርድ መኪና ሞተር ነው። እንግሊዞች ራሳቸው በዋናነት የተጠቀሙበት መትረየስ ማጓጓዣ አድርገው ነው፤ ተኳሹንና መሣሪያውን ከጥይት ከልሎ ወደ ፊት ማድረስ። ለዚህ ሥራ በቂ ነበር።

በ1927 ሳልስበሪ ሜዳ ላይ እንግሊዝ ሙሉ በሙሉ በሞተር የሚንቀሳቀስ የሙከራ ጦር አቋቁማ ስታለማምድ ታንኬቶቹ ከፊት የሚሄዱ ቃኚዎች ነበሩ። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ላይ ብዙ ዓይነት ተሽከርካሪ ተቀላቅሎ ስለሚታይ መለየት ያስቸግራል። እኔ የምመክረው መጀመሪያ አናቱን እዩ። የሚዞር ነገር ካለው ቀላል ታንክ ነው። ክፍት ከሆነና ጭንቅላት ከታየ ታንኬት ነው። ለውጭ ገበያ የቀረቡት አንዳንዶቹ ደግሞ ለሁለቱ ሰዎች ጭንቅላት እንደ ፒራሚድ የሾሉ ሁለት የብረት ክዳኖች አሏቸው፤ አንዴ ካያችሁት አይረሳም።

ገዢውም ብዙ ነበር። ርካሽ ነዋ! ፖላንድም፣ ሶቭየት ኅብረትም፣ ቼኮዝሎቫኪያም ከዚሁ ተነስተው የየራሳቸውን ሠሩ። ጣልያን በ1929 ገዝታ አጠናችውና አሻሽላ ኤል 3 የሚባለውን አወጣች። ወደ ሦስት ቶን ከፍ አለ፣ ከላይ ተከደነ፣ በኋላም ሁለት መትረየስ ተጠመደበት። ቱሬት ግን አሁንም የለውም። መትረየሱ የሚተኩሰው ወደ ፊት፣ ትንሽ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። እንግሊዞች ማጓጓዣ ያደረጉትን ነገር የሙሶሊኒ ጦር እንደ ታንክ ይዞት ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለትም ዲሴምበር 15 ቀን 1935፣ የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ አካባቢ የነበረውን የጣልያን ጦር ገፋ። ጣልያኖቹ ወደ ደምበጉይና መተላለፊያ ሲያፈገፍጉ የኛዎቹ ቀድመው መንገዱን ይዘውታል። መንገድ እንዲከፍቱ ታንኬቶቹ ወደ ፊት ተላኩ። ቦታው ገደልና ድንጋይ ነው፣ እንደ ሳልስበሪ የተዘረጋ ሜዳ አይደለም። አርበኞቹ ከጎንና ከኋላ፣ መትረየሱ ሊዞር ከማይችልበት አቅጣጫ ተጠጓቸው። ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች በጠባቧ ቀዳዳ ከፊታቸው ያለውን እንጂ ጀርባቸውን አያዩም። ታንኬቶቹ እዚያው ቀሩ፣ መትረየሶቻቸውም ተማረኩ። ይሄን ድል ጀግንነት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለአርበኞቹ ይበዛባቸዋል ብዬ አይደለም፣ ያንሳቸዋል ነው የምለው፤ ምክንያቱም የመሣሪያውን ድካም በዓይናቸው አይተው የገቡት በዚያው በኩል ነው። ከቀናት በኋላ ጣልያን እዚያው ተከዜ ዳር በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ አወረደች።

ጆን ካርደን ይሄን አልሰማም። ከደምበጉይና አምስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 10፣ እንግሊዝ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቷል። የሱ ሥራ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ከ100 ሺህ በላይ ለተመረተው ዩኒቨርሳል ካሪየር መነሻ ሆነ፤ እሱም ሰውና መሣሪያ ማጓጓዣ ነው። ጣልያን ግን በ1940 ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ከነበሯት ታንኮች አብዛኞቹ ያው ቱሬት የሌላቸው ኤል 3ዎች ነበሩ፤ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ የእንግሊዝ ታንኮችን የገጠመችውም በነሱ ጭምር ነው።