«ልጅ በነፃ ያድራል» ሲባል ምን ማለት ነው?
ከደሴና ከኮምቦልቻ ልጅ ይዛችሁ ዱባይ የምትሄዱ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ልመልስ። ሆቴሉ «ልጅ በነፃ» ሲል ብዙ ጊዜ እናንተ በያዛችሁት አልጋ ላይ ከተኛ ማለቱ ነው። ተጨማሪ አልጋ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈልበታል።

ለምሳሌ ባልና ሚስት የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች ይዘው «2 አዋቂ» ብቻ ብለው ክፍል ያዙ እንበል። ክፍሉ ለ3 ሰው ከሆነ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትንሹ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ሻንጣው እግር ስር ተከምሮ፣ ሌላ ክፍል ክፈሉ ሊባሉ ይችላሉ። እኛ ወሎዬዎች ፍራሽ ዘርግተን እንግዳ ስለምናሳድር ይሄ ይከብደናል። እዚያ ግን የሰው ቁጥር ገደብ አለ።

ስትይዙ የሁሉንም ልጅ ዕድሜ ሙሉ፣ ይሄ የግድ ነው። ነፃ የሚሆንበት ዕድሜና የቁርስ ሂሳብ ግን ከሆቴል ሆቴል ይለያያል፤ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።